ጎርፌን መልስልኝ

በራያ ቆላ ፀጉር አስተካካይ መሆን ማለት በዐቢይ ጾም ሉካንዳ እንደ መክፈት ነው። እዚህ አገር ወጣቱ ጎፈሬውን ከሚቆረጥ ጣቱን ቢቆረጥ ይመርጣል። ቅቤውን ተቀብቶ፣ ሚዶውን አናቱ ላይ ሰክቶ በሱቄ በር ሲያልፍ መቀሴን በጎሪጥ ያያታል። አንዳንዱማ መንገዱን ይሻገራል። ታዲያ ምን በልተህ ትኖራለህ ብትሉኝ፣ የምኖረው በሽማግሌና በራሰ በራ ነው። ከተማችን ኮቦ ደግሞ እግዜር ይስጣት፣ ከሁለቱም አላሳጣችኝም።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማከብራቸው አያ ይማም ናቸው። የሟች አባቴ ጓደኛ ናቸው። ጉልበታቸው ስለደከመ ዘወትር ዓርብ ጠዋት፣ ጁምዓ ከመድረሱ በፊት፣ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ራሳቸውን እላጫቸዋለሁ። አላስከፍላቸውም፤ የሚከፍሉኝ በወሬ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ስለ ራሱ አጫውቶኝ አያውቅም። እንዴት ይጨፍር እንደነበር፣ አንድ ጊዜ ከዋጃ ገበያ ሲመለስ አህያውን ረስቶ ጭነቱን ብቻ ተሸክሞ እንደገባ፣ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከአያ ይማም ነው። አያ ይማም ያለፉ ዕለት አባቴ ሁለተኛ እንደሚሞትብኝ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ምላጩን ቀስ ብዬ የማስኬደው።

አሁን ስለ ድንጋዩ ልንገራችሁ። ግን ከድንጋዩ በፊት ጎርፉ አለ።

የኛ ቆላ ዝናብን ከራሱ ሰማይ አይጠብቅም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ በሆርማት ወንዝ ይወርዳል፤ እኛ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ እየገደብን ወደ ማሽላችን እንጠልፈዋለን። ጎርፍ ተራ አለው፤ ዛሬ የእገሌ ከሆነ ነገ የእገሌ ነው። አንድ ክረምት ተራው የአያ ይማም ሆኖ ሳለ እሳቸው ዋጃ ለቅሶ ሄዱ። ጎርፉ ደግሞ ለቅሶ አያውቅም፤ መጣ። አባቴ «ሰውየው የለም፣ ውሃ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም» አለና ጠልፎ ወደ ራሱ ማሳ ለቀቀው። የዚያን ዓመት የኛ ማሽላ ከሰው ቁመት አለፈ። የአያ ይማም ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ሰው በሬ ይሰርቃል፣ ፍየል ይሰርቃል፤ አባቴ ጎርፍ ሰረቀ።

ሁለቱ ጓደኛሞች በአንድ መንገድ መሄድ እስኪተዉ ተኳረፉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡና በአባቴ ፈረዱበት፤ «ከሆርማት ድንጋይ አንስተህ፣ በማጅራትህ ተሸክመህ እደጁ ድረስ ሂድ። እሱ ‹አውርድ› እስኪልህ እንዳታወርድ።» ይህ የአገሩ ወግ ነው። አባቴ ግን ብልጥ ነኝ ባይ ነበር። ሰው ሁሉ እያየው ወንዙ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብሎ ዳቦ የምታክል ጥቁር ድንጋይ መረጠ። ሰው አጉረመረመ፤ ለዚያ ሁሉ ጎርፍ ይቺ ናት? አንስቶ ማጅራቱ ላይ ሲያደርጋት ግን ፊቱ ተለወጠ። ድንጋዩ ከመልኩ ጋር የማይገናኝ ክብደት ነበረው። በስንት መከራ እያቃሰተ ደረሰ፣ አያ ይማምም «አውርድ፣ ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ» አሉት። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ለሰው ሲጎነበስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የዕርቅ ድንጋይ አይጣልም። አያ ይማም ከቆርቆሮ በራቸው ስር አስቀመጡት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ፍየል በሩን ገፍታ እንዳትገባ ደግፎ ይዞ ኖረ።

እንግዲህ አንድ ዓርብ አያ ይማምን በራፋቸው ላይ አስቀምጬ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ሳወጣ አመለጠኝ። ወደ መሬት ሳየው የለም። ብፈልገው ድንጋዩ ጎን ላይ ተለጥፏል። አልተጋደመም፤ በጎኑ ተንጠልጥሏል። ላነሳው ስል ትንሽ ታገለኝ። ለቀቅ ሳደርገው ልጥፍ ብሎ ተመለሰ።

ድንጋይ ምላጭ አለቅም ሲል ያየ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ያማትባል ወይ ዋጋ ያሰላል። እኔ ማማተቡን በጥድፊያ ጨርሼ ወደ ሂሳቡ ገባሁ። በዚህ ዘመን ድንጋይ ቀላል ነገር አይደለም። ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ከወጣ ወዲህ የወሎ ሰው ድንጋይ ሲመታው እንኳ እግሩን ሳይሆን ድንጋዩን ነው ጎንበስ ብሎ የሚያየው።

በሚቀጥለው ዓርብ መልኩ እሱን የሚመስል ሌላ ድንጋይ ከሆርማት መርጬ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። የአያ ይማምን ራስ በሳሙና አረፋ ሸፈንኩና «አያ ይማም፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ሳሙናው እንዳይገባብዎ» አልኳቸው።

«እስከ ዛሬ ጨፍን ብለኸኝ ታውቃለህ? ምን ዓይነት ሳሙና ነው?»

«ከውጭ የመጣ ነው።»

ጨፈኑ። ቀየርኩት። ሰረቅኩ አልልም፣ ተዋስኩ ነው የምለው፤ ምንነቱን አስመርምሬ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን አባቴ ከእኔ ይሻላል። እሱ ቢያንስ ቆሞ የማይጠብቅ ነገር ነው የሰረቀው። ድንጋይ ምን ያስቸኩላል?

ሱቄ ውስጥ ድንጋዩን መስተዋቱ ስር ሳስቀምጠው ደንበኛ ሁሉ ሊቅ ሆነ። አንዱ ወርቅ የሚወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ ነው አለኝ። ሌላው ፊቱን ግማሽ ተላጭቶ ሳለ ከወንበሩ ተነሳና «ይኼ ነገር ጨረር አለው፤ ፀጉር ያረግፋል!» ብሎ ወጣ። ፀጉር የሚያረግፍ ድንጋይ ፀጉር ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ኪሳራ እንደሆነ አስቡት። ያን ቀን በጨርቅ ጠቅልዬ ወንበር ስር ከተትኩት።

ቀጥሎ ያማከርኩት ሞላን ነው። ሞላ የሮቢት ደላላ ነው፤ ከዚህ በፊት ሽንኩርት ያሻሽጥ ነበር፣ አሁን ኦፓል ያሻሽጣል። ድንጋዩን አገላብጦ አየና መጀመሪያ ላሰው። ቀጥሎ የስልኩን መብራት ለኮሰበት፤ ብርሃኑ አላሳለፈም።

«ጥቁር ኦፓል ነው» አለ።

«ኦፓል ብርሃን ያሳልፋል አላልከኝም ነበር?»

«የማያሳልፈው ነው ውዱ።»

ከኪሱ የስልክ ያህል ሚዛን አውጥቶ ድንጋዩን ጫነባት። ሚዛኗ ቁጥር ማውጣቱን ትታ ፊደል አወጣች። ቢላዋ አውጥቶ ሊፍቀው ሲል ቢላዋው ተጣበቀበት። ሞላ ወደ በሩ ዞር ብሎ ማንም አለመኖሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ፕላቲኒየም ነው ወንድሜ።» ሞላን ያወቅኩት ያኔ ነው። አንድን ነገር ባላወቀው ቁጥር ዋጋውን ይጨምርለታል።

ቢሆንም ልቤ አላረፈልኝም። ወልድያ የምታስተምር የስነ ምድር መምህርት አለች፤ የአንድ ደንበኛዬ ልጅ ናት። ድንጋዩን ጭኔ ላይ አቅፌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሮቢትን አልፈን ጎብዬ ስንደርስ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሰዓቱን አየት አድርጎ «ምን ዓይነት መኪና ነው! ገና ሮቢት ነን» አለ። ሰዓቱ ሮቢት ላይ ቆሞበታል። እኔ ድንጋዩን ወደ ሌላው ጭኔ አዛውሬ በመስኮት ማሽላ ማየት ጀመርኩ።

መምህርቷ አልላሰችውም። በሚስማር ጫረችው። ከተሰበረ የወለል ሸክላ ጀርባ ላይ አሸችው፤ ጥቁር መስመር ተወ። ከሉካንዳ በተዋሰችው መንጠቆ ሚዛን አንዴ በአየር፣ አንዴ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራ መዘነችው። በመጨረሻ ኮምፓስ አጠገቡ ስታደርግ ቀስቷ አቅሏን ሳተች። ሰሜን የት እንደሆነ ጠፋት። እኔም ራሴ ትንሽ እንደዚያ ሆኜ ነበር።

«ማግኔታይት ይባላል» አለችኝ። «የብረት ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንኳ ብርቅ አይደለም። ብርቁ በራሱ ማግኔት መሆኑ ነው፤ ሁሉም እንዲህ አይሆንም። መብረቅ ሲመታው ነው የሚሉ አሉ።»

«ዋጋውስ?»

«በብረትነቱ ከሸጥከው የላጨህበትን ምላጭ አይገዛልህም። ሰብሳቢ ካገኘህ ግን ሌላ ነው። እነሱ ደግሞ ድንጋዩን ብቻ አይደለም የሚገዙት፤ ታሪኩንም ነው። ከየት ተነሳ፣ ማን አነሳው፣ የት ከረመ ይሉሃል። ታሪኩ የጠፋ ናሙና ዋጋው ግማሹም አይቀር።»

ይህን ለሞላ ስነግረው «ታሪክ ከሆነ ችግሩ እኔ አለሁ» አለና በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ካለ ሰብሳቢ ጋር በስልክ አገናኘኝ። እንዲህ በል ብሎ አስጠንቶኝም ነበር፤ ድንጋዩ ከአፋር በግመል መጣ፣ ግመሏ በመንገድ ሞተች፣ ነጋዴው እያለቀሰ ተወው። ጀመርኩት። ግመሏን እንደገደልኩ ግን ኔትወርኩ ተቆራረጠ፤ ሰውየው «እንዴት ሞተች?» ሲለኝ ጥናቴ እዚያ ላይ አልቋል። እውነቱን ነገርኩት። ጎርፉን፣ ኩርፊያውን፣ ትንሿን ድንጋይ የመረጠውን አባቴን ነገርኩት። ስነግረው እየሞቀኝ መጣ፤ አባቴን ለማያውቀው ሰው ሳስተዋውቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄ ተቆረጠ፤ ኔትወርኩ ነው አልኩት።

ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማኝና ሞላ እንኳ ያላለመውን ዋጋ ጠራ። የሚሽከረከር ወንበር፣ ግድግዳ ሙሉ መስተዋት፣ ከዚያም የሚተርፍ ገንዘብ ነው። ሞላ በምልክት ‹እሺ በል› እያለ ጉልበቴን ይመታኛል።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ሰውየው፤ «የአባትህን ፎቶ ላክልኝ። በመስተዋት ሳጥን ውስጥ ከድንጋዩ ጎን አደርገዋለሁ። ከስሩ ‹የጎርፍ ሌባው ድንጋይ› ብለን እንጽፍበታለን። ሰው ይስባል።»

አባቴን ሌባ ያልኩት ራሴ ነኝ፤ አሁን ከላይም ብያለሁ። እኔ ስለው ያስቀኛል። ሰውየው ሲለው ግን ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። «ላስብበት» ብዬ ዘጋሁ፤ ሞላ ጭንቅላቱን ያዘ።

እኛ ይህን ሁሉ ስንመረምር ድንጋዩን ከሁላችንም ቀድማ የለየችው የአያ ይማም ፍየል ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያን በር በግንባሯ እየገፋች ትሞክረዋለች፤ አይነቃነቅም። አንድ ቀን ስትገፋው ተነቃነቀ። ገባችና ለዘር የተሰቀለውን የማሽላ ዘለላ በላች፤ ቀጥላ ታጥቦ የተሰጣውን የአያ ይማምን ጥምጣም እስከ ግማሹ አኘከች። አያ ይማም ፍየሏን አባረው ድንጋዩን ሊመልሱ ጎንበስ አሉ፤ በአንድ እጃቸው አነሱት። ያ ድንጋይ ደግሞ በአንድ እጅ የሚነሳ አልነበረም።

ዓርብ ምላጬን ይዤ ስሄድ በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ራሳቸውን አላጎነበሱልኝም።

«እንዴት አደሩ አያ ይማም?»

«ድንጋዩ የታለ?»

መዋሸት ፈለግኩ፤ ግን ያሰብኩት ሁሉ ግመል አለበት። «ወልድያ ለምርመራ ሄዶ ነበር» አልኩ።

«ታሞ ነው?»

ምላጬን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። እሳቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ስማ ልጄ። ያ ድንጋይ የተቀመጠው በዕርቅ ነው። ድንጋዩ ከተነሳ ዕርቁም ተነስቷል። እንግዲያው ጎርፌን መልስልኝ።»

«ኧረ አያ ይማም! ጎርፍ ከየት አመጣለሁ?»

«አባትህ ከየት አመጣው? ከዚያው አምጣ። እስከዚያው ድረስ ራሴን አላስነካህም፤ ደጄንም አትርገጥ።»

የሳቅኩ መስሏችሁ ይሆናል። አልሳቅኩም። ያ ዓርብ የአባቴ ወሬ የሌለበት የመጀመሪያዬ ሆነ። ሱቄ ተቀምጬ የባዶ ወንበር አቧራ ስጠርግ ዋልኩ። ምን እንደሸጥኩ የገባኝ ገና ሳልሸጠው ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። ከገበያው ዳር ካለው ግራር ስር ተቀመጡ፤ አያ ይማምም መጡ፣ ግማሽ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው። ጉዳዩ በቁም ነገር ተያዘ። አንደኛው ሽማግሌ ጢማቸውን እያሻሹ «ጎርፉ ከተወሰደ ስንት ክረምት አለፈ። ወለዱስ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ አስታግፊሩላህ!» አሉ ሌላኛው። «ወለድ ሐራም ነው። ዋናውን ጎርፍ ብቻ ይመልስ።»

«ዘንድሮ ደጋውም አልዘነበ፤ በምን ይመልሳል?»

«ጊዜ ይሰጠው።»

ይህ ሲሆን ሞላ ከሮቢት በባጃጅ ከተፍ አለ። ሰብሳቢው ጨምሯል፤ ሞላም መጨመሩን ከግራሩ ስር ለተቀመጠው ሁሉ አወጀ። «ለአያ ይማም በሬ ይገዛላቸዋል! ጥምጣምም ይገዛላቸዋል! ለአንድ ድንጋይ ምን ያጣላችኋል?» ሽማግሌዎቹ ወደኔ ዞሩ። አያ ይማም ግን ወደኔ አላዩም፤ ወደ መንገዱ ነው የሚያዩት፣ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው።

የሚሽከረከረው ወንበር በዓይኔ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ተሽከረከረልኝም። ከዚያ ‹የጎርፍ ሌባው› የሚለው ጽሑፍ መጣ፣ አባቴ መስተዋት ውስጥ ሆኖ የማያውቁት ሰዎች ጎንበስ ብለው ሲያዩት። አባቴ የተጎነበሰው ለአንድ ሰው ነበር።

«አልሸጥም» አልኩ። «አባቴ እንዳመጣው አመጣዋለሁ።»

ሞላ «አብደሃል!» ብሎ ባጃጁን አስነሳ። እስከ ዛሬ ሮቢት ውስጥ ስሜን ሲያነሳ ከግንባሩ ላይ ጣቱን ያሽከረክራል አሉ።

ድንጋዩን ወደ ሆርማት ይዤ ወረድኩና ከዚያ ማጅራቴ ላይ አደረግኩት። አቅፌው አውቶቡስ ውስጥ ተጉዣለሁ፣ ሁለት ዓይነት ሚዛን ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ማጅራት ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ገና አሸዋውን ሳልጨርስ አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። እግሬ ወደ ግራ ይሄዳል፣ እኔ ወደ ቀኝ። ሰው ከየበሩ ይወጣል። እዚህ ጋ አባቴ ሳይቆጨው አልቀረም አልኩ። እዚህ ጋ ደግሞ ትልቁን ብመርጥ ይሻለኝ ነበር ብሎ ይሆናል። እያላበኝ፣ እያቃሰትኩ፣ በጣም ናፈቀኝ። ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ናፍቆኝ አያውቅም።

አያ ይማም በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው እቴ ሐሊማ ከኋላቸው ቆመዋል። ደርሼ ጎንበስ አልኩ።

«ይቅር ይበሉኝ አያ ይማም።»

ጠበቅኩ። ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ የታፈነ ሳል የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። በጎን ቀና ብዬ ሳይ አያ ይማም የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወትፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ያው ነው!» አሉ ጋቢውን አውጥተው። «ሐሊማ፣ ነይ እዪው! ወላሂ ያው ራሱ ነው! አንገቱን እዪው!»

ሳቃቸውን ለቀቁት። የጎረቤት ፍየል እስክትደነግጥ ሳቁ።

«አባትህ ትንሿን መርጦ ሊሸውደኝ» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፤ «እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ይቅር ላልለው ምዬ ነበር። በአላህ ስም ምዬ! ከዚያ እንዲህ ሆኖ መጣ፤ አንገቱን እንደ ኤሊ ቀብሮ፣ በዚያች ሚጢጢ ድንጋይ እያቃሰተ። ሳቄ መጣ። የሳቀ ሰው ምን ብሎ ያኮርፋል? ‹አውርድ› ያልኩት ሳቄን ሊያይብኝ ሲል ነው።»

ዓይናቸውን ጠረጉ። ሳቁ ቀስ እያለ ሌላ ነገር ሆነ።

«ከሞተ ወዲህ ጠዋት በሩን ስከፍት ያቺን ድንጋይ አይና እስቃለሁ። ሌላ የሚያስቀኝ ሰው የለኝም። አንተ ደግሞ እሷን ይዘህብኝ ወልድያ ሄድክ።»

እንባቸው በጢማቸው ወረደ። እኔ እንደተጎነበስኩ ነኝ፤ ‹አውርድ› የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

«ኧረ ያ ሰውዬ!» አሉ እቴ ሐሊማ። «ልጁ ሊወድቅ ነው! አውርድ በለው እንጂ!»

«ቆይ» አሉ አያ ይማም፣ ዓይናቸውን ከኔ ሳይነቅሉ። «ቆይ፣ ትንሽ ልየው።»

ቆምኩላቸው።